ሳይመታ የቀረው ሦስት ምት

ሩናር ሊንድሮስ ሞቶ የተገኘው ጀልባዎቻችንን ከባሕር በምናወጣበት የጥቅምት ቅዳሜ፣ የአተር ሾርባው በቀረበበት ሰዓት ነው። ሚስቱ ጉኔል «ይህ ሰውዬ ዛሬም ሞተሩን አቅፎ ሊውል ነው» እያለች ልትጠራው ሄደች። ጀልባቸው እንደ ሌሎቹ በእንጨት ድጋፍ ላይ ቆማ ሸራ ለብሳለች። ከኋላ በኩል ያለውን የሸራ መጋረጃ ገልጣ ስትገባ ባሏ በተከፈተው የሞተር ክዳን አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል። ፊቱ ቀላ ብሎ ጤነኛ ይመስል ነበር። ጩኸቷን ስንሰማ ማንኪያችን በእጃችን ነው።

እኔ የጀልባ ክበቡ ጸሐፊ ነኝ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ከሌላው የበለጠ ስለማውቅ አይደለም፤ ስላፈርኩ ነው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሞተር ውስጥ ውሃ ከቀረ በበረዶው ወራት ረግቶ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጀልባዋ የብስ ላይ እንዳለች ሞተሩን እናስነሣና ከባልዲ አንቲፍሪዝ የሚባለውን በብርድ የማይረጋ ባለቀለም ፈሳሽ እናጠጣዋለን። መጀመሪያ ከኋላ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ነው፤ ቀለም ያለው መውጣት ሲጀምር ሞተሩ ጠግቧል ማለት ነው። አንዱ ውስጥ ሆኖ ያጠጣል፣ ሌላው ውጭ ቆሞ ቀለሙን ይጠብቃል። የሞተሩ ጩኸት ስለማያነጋግር፣ ውጭ ያለው ቀለሙን ሲያይ የጀልባዋን ጎን በመዳፉ ሦስት ጊዜ ይመታል። ያኔ ሞተሩ ይጠፋል። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የኋላው መጋረጃም ተጠቅልሎ መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሰው ይገድላል። ይህን ሲሰብክ የኖረው ራሱ ሩናር ነው።

እንግዲህ መጋረጃው ወርዶ ተገኘ። ሩናር በገዛ እጁ አያወርደውም። ሰው ነው የዘጋበት አልን፤ ሰውየውን ለመምረጥም ጊዜ አልወሰደብንም።

ታርሞ ከኢስቶኒያ የመጣ አናጢ ነው፤ ከእኛ ጋር ሦስት ዓመቱ። ሰማያዊው አንቲፍሪዝ መርዝ ስለሆነ ዘንድሮ መርዝ የሌለውን ፈዛዛ ሮዝ እንግዛ ብሎ ያሳመነን እሱ ነው። ሩናር በስብሰባው ላይ «ባሕር ተሻግረህ መጥተህ ስለ ባሕር ልታስተምረን ነው?» ሲለው፣ ታርሞ «አንተን ባሕር አይገድልህም፣ የራስህ ጭስ ነው የሚያፍንህ» ብሎ መለሰለት። ያን ቀን ስቀን ነበር። ቅዳሜ ግን ሁላችንም ለፖሊስ ቃል በቃል ደገምነው። ታርሞን ይዘውት ሄዱ። እኔም ካቻቢቴ አምጥቼ በብሎን የታሰረ ስሙን ከአባላት ሰሌዳ ላይ ፈታሁት። ፍታው ያለኝ ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ አይኒኪ ራውታላ እሑድ ጠዋት መጣች። አጭር፣ ጡረታ የደረሰች፣ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት ናት። ማንንም ሳትጠይቅ ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻት። ከጭስ ማውጫው ሥር የሚፈሰውን የሚቀበለው ባልዲ ሞልቶ ፈስሶ ጠጠሩን ሮዝ አድርጎታል። አጠገቡ አንድ ሣጥን ተገልብጦ ተቀምጧል። መጋረጃውን ገልብጣ ውስጡን በነጭ መሐረብ ጠረገችና መሐረቡን አየችው።

«ለአንድ ሞተር ስንት ጀሪካን ይበቃል?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ውስጥ ሦስት ባዶ ጀሪካን አለ።»

«ሩናር ጠንቃቃ ነበር።»

«ጠንቃቃ ሰው ብቻውን ይሠራል?»

«በጭራሽ!»

«እና ውጭ ማን ቆሞለት ነበር?»

«እኔ ነበርኩ» ያለ ሰው የለም። «ታርሞ ይሆናላ» አልኩ።

«ከተሰዳደበው ሰው ጋር? እስቲ ሌላ ሰው ፈልግልኝ።»

የምትፈልጋቸውን እየጠራሁላት ከአጠገቧ አልራቅኩም። ጀልባ የሚያነሣውን ክሬን የምታንቀሳቅሰው የሩናር እህት ሶልቬይ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የወንድሟን ጀልባ ምሰሶ ሰብራበት ተኳርፈው ነበር።

«ከላይ ሆነሽ ሁሉን ታያለሽ» አለቻት መርማሪዋ።

«ሥራዬን ነው የማየው። አንድ ሰው ሣጥን ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ፣ ጀርባውን። ቢጫ ዝናብ ልብስ ለብሷል።»

«ቢጫ የሚለብሰው ማነው?»

«ሁላችንም! ክበቡ ነው ያደለን።»

«ብዙ ተቀመጠ?»

«ሦስት ጀልባ እስካነሣ ድረስ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል።»

«ነፋሱስ በየት በኩል ነበር?»

«ከባሕር። የሩናር ጀልባ ደግሞ ጀርባዋን ለባሕር ሰጥታ ነው የቆመችው» አለችና ፊቷን አዞረች። «ኩርፊያው የኔ ጥፋት ነው። ሾርባው ላይ ልታረቀው እየጠበቅኩ ነበር።»

ጉኔል ከመርማሪዋ ፊት ስትቀመጥ እንባዋ አልቆ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ቀለሙን ያየለት ሆልገር ነው። ዘንድሮ ግን ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀርቷል። ክበቡ ቀለምና ብሩሽ በሚያስቀምጥበት ቀለም ቤት ነበርኩ ብሎኛል።»

«ባልሽ በሌላ ሰው ዓይን ያምናል?»

«ሩናር? የሆልገርን ነው የሚያምነው። የራሱንም እንኳ እንደዚያ አያምን።»

ሆልገር ዌስተርበሪ አርባ ዓመት የደሴቶቹ መርከብ ካፒቴን ነበር። ሕዝቡን በቀይና በአረንጓዴ የባሕር ምልክቶች መካከል ሲያመላልስ አንድ ቀን እንኳ ድንጋይ አልነካም። መርማሪዋ በክበቡ ቤት ቡና ይዛ አነጋገረችው።

«ቅዳሜ የት ነበሩ፣ ካፒቴን?»

«ቀለም ቤት። ብሩሽ ሳጥብ።»

«ወገብዎትስ?»

«ደህና ነው... ማለት፣ ይሻለዋል። ምነው የያዛችሁትን ሰው አትጠይቁም?»

«እጠይቃለሁ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ ቀዩን ሻርፌን ያቀብሉኛል?»

መስቀያው ላይ ሁለት ሻርፕ ነበር፣ የእሷና የጉኔል። ሆልገር አንዱን አንሥቶ ሰጣት። አመስግና አንገቷ ላይ ጠመጠመችና ወጣች። በሩ ላይ ደርሼባት «የጉኔልን አረንጓዴ ነው እኮ ያደረግሽው» ብላት «ይሞቃል» ብላኝ አለፈች። ዘንግታ ነው አልኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ክበቡ ቤት ሰበሰበችን። ታርሞን ይዛው መጣች። ጢሙ አድጎ፣ ሰሌዳው ላይ ስሙ የነበረበትን ባዶ ቦታ አይቶ ተቀመጠ። ከአጠገቡ አንድ ወንበር ራቅ ብለን ተቀመጥን።

«መጀመሪያ መጋረጃው» አለች መርማሪዋ። «ሞተሩ እየሠራ መጋረጃው ወርዶ ቢሆን ኖሮ ጭስ ማውጫው ጥቀርሻና ሮዝ ውሃ ይረጭበት ነበር። ውስጡን ስጠርገው መሐረቤ ነጭ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ መጋረጃው የወረደው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። በመጋረጃው የተገደለ ሰው የለም።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለች ሶልቬይ።

«የነገርሽኝ ነፋስ። መጋረጃው ተከፍቶም ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሰው ነበር። ለሦስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ሩናር ግን ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ ሦስት ጀሪካን አጠጣ። ለምን? ሦስቱን ምት እየጠበቀ ነዋ። ውጭ ያለው ሰው አልመታለትም።»

«ይኸው!» አለ አንዱ ታርሞን እያየ። «ሆን ብሎ ነዋ!»

«ሆን ብሎ የሚገድል፣ ሰው ሁሉ እያየው ሣጥን ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል? ያ ሰው አልሄደም፣ ይጠብቅ ነበር። ባልዲው እግሩ ሥር ሞልቶ ሲፈስም ይጠብቅ ነበር፤ የሚፈሰው ገና ውሃ መስሎታል። ታርሞ ቀለሙን ራሱ መርጦ ያመጣው ሰው ነው፣ አይስተውም። ሰማያዊውን ሠላሳ ዓመት ሳይስት አይቶ ሮዙን ማየት ያልቻለ ሰው ነው የፈለግኩት።» ከአንገቷ ላይ ሻርፑን ፈታች። «ካፒቴን፣ ትናንት ቀዩን ይስጡኝ ስልዎት ይህን ሰጡኝ። ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ሆልገር ሻርፑን አየው። ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው።

«ንገራት እንጂ» አለች ጉኔል። «ሆልገር፣ ንገራት።»

«አላውቅም» አለ ሆልገር። «ከተወለድኩ ጀምሮ አላውቅም። ቀይና አረንጓዴ ለኔ አንድ ነው፤ ፈዛዛው ሮዝም ከውሃ አይለይልኝም። የባሕሩን ምልክቶች ቦታቸውን ሸምድጄ ነው አርባ ዓመት የነዳሁት። ቢያውቁ አንድ ቀን አያሠሩኝም ነበር።»

«ቅዳሜስ?»

«ወገቤን አመመኝ ያልኩት ለዚሁ ነበር። ሩናር መጥቶ ‹ካንተ ሌላ ሰው አላቆምም› አለኝ። እንዴት እምቢ ልበል? ቀለሙ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ቆየሁ። በስህተት ብመታ ደግሞ ሞተሩ ይሰነጠቅበታል ብዬ ፈራሁ። በኋላ መፍሰሱ ቆመ። ብጣራ አይመልስም። ስገባ ወድቋል። ሞተሩን አጠፋሁ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ያንኮራፋ ነበር።»

ጉኔል ከወንበሯ ተነሣች።

«በሕይወት ነበር?» አለች ጉኔል።

«ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ‹ለምን አልመታህም?› ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። አፈርኩ፣ ጉኔል። ብቻውን የሠራ ይምሰል ብዬ መጋረጃውን ለቀቅኩት።»

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

«እዚህ መጣሁ። ሾርባ... ሾርባ በላሁ።»

ትዝ አለኝ። ሳህኑን የሞላሁለት እኔ ነበርኩ። ምነው ፈዘዝክ ብዬ ቀልጄበታለሁ።

«ይህንንስ ሰው ሲወስዱት?» አለች መርማሪዋ ወደ ታርሞ እያመለከተች። «ያኔም አፍረው ነው?»

ሆልገር ኮቱን አንሥቶ ራሱ ወደ መኪናዋ ሄደ። በሩ ላይ ሲያልፍ መንገድ የለቀቅንለት በአክብሮት ይሁን በመጸየፍ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ፣ ሩናር ያኔ ወደ አየር ቢወጣ ይተርፍ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም።

ታርሞ ተነሣ። «ሰሌዳው ላይ ስሜን የፈታው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ማንም አላዘዘኝም።»

ጥቂት አየኝና ወጣ።

በማግሥቱ ከባድ ውርጭ እንደሚመጣ ተነገረ። ሞተሩ አንቲፍሪዝ ሳይጠጣ የቀረው ጀልባ የታርሞ ብቻ ነበር፤ እኛ የእኛን ስንጨርስ እሱ ታስሮ ነበር። ጠዋት ብቻውን መጣ። መጋረጃውን ጠቅልሎ አሰረ፣ ባልዲውን ሞላ፣ ሞተሩን አስነሣ። ማንንም ቁምልኝ አላለም። እኛ በክበቡ ቤት መስኮት እናያለን። እግሬ ሊሄድ ፈለገ፤ ፊቱን እንዴት ብዬ እንደማየው ግን አላወቅኩም። ሆልገርን የያዘው ይኼው ነገር መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ ገብቶኝም አልተንቀሳቀስኩም።

ጉኔል ናት የሄደችው። ቅዳሜ ዕለት በሁላችን ፊት «ባሌን ገደልክ» ብላ ፊቱ ላይ የተፋችው እሷ ነበረች። አረንጓዴ ሻርፗን ጠምጥማ ጭስ ማውጫው አጠገብ ጎንበስ ብላ ቆመች። ውሃው ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ ከዚያ ቀለሙ መጣ። መዳፏን አንሥታ የጀልባዋን ጎን ሦስት ጊዜ መታች። ድምፁ እኛ ዘንድ ድረስ ተሰማ።

ሞተሩ ጠፋ። ታርሞ አንገቱን በሸራው ሥር አውጥቶ፣ ማን እንደመታለት ሲያይ ደነገጠ።

«መጣ እንዴ፣ እትዬ ጉኔል?» አላት።

«መጣ፣ ልጄ» አለችው። «ና ውጣ አሁን፣ ጭስ ውስጥ አትቀመጥ።»