የአክስቷ እንክብል

«ብልቃጡን አምጪ» አለቻት አክስቷ፣ እጇን ዘርግታ።

ልጅቷ ብልቃጡን ከጀርባዋ ደብቃ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አክስቷ በጠዋቱ የመጣችው ልትጠይቃቸው አይደለም፤ ለወንድሟ፣ ለልጅቷ አባት፣ ያመጣችለት የቅጠል እንክብል ከኮመዲኖው ላይ መጥፋቱን ሰምታ ነው። ልጅቷን «ቆቅ» ብላ ስም ያወጣችላትም እሷ ናት። ድሮ በፍቅር ነበር የምትጠራት፤ ዛሬ ግን ስድብ አደረገችው።

ትናንት አባቷ ጺሙን ሲላጭ አገጩን ጫር አደረገው። ደሙ ፎጣውን አርሶ እስከ ምሳ ሰዓት አልቆመም። አባቷ ልቡን ስለሚያመው የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ክሊኒክ ሲሄድ ደምህ ከመጠን በላይ ቀጥኗል እያሉ መድኃኒቱን በቀነሱለት ቁጥር አክስቷ «ይኸው፣ ቅጠሌ እያዳነህ ነው» ትለዋለች። ሐኪሙ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ ወይ ሲለውም የለም ይላል። እህቱ የምትሰጠው ነገር መድኃኒት መስሎት አያውቅም። ቆቅ ግን ትናንት ብልቃጡን ይዛ ፋርማሲ ሄደች። ቅጠሉም ደም ያቀጥናል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ውስጥ ውስጡን ሊያደሙት ይችላሉ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ አሏት።

«ይሄን ሰው በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለች አክስቷ። «ለሱ መርዝ እሰጣለሁ?»

«መርዝ ነው አላልኩም። ከመድኃኒቱ ጋር አይሄድም ነው ያልኩት።»

«ባዮሎጂ ተማርኩ ብለሽ ልታስተምሪኝ ነው?»

አባቷ አገጩ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር ነካ ነካ አደረገ። «ስጫት ልጄ፣ እትዬን አታስቀይሚያት» አለ። ቆቅ በንዴት አፈጠጠችበት። ከሞት ይልቅ የእህቱን ኩርፊያ ነው የሚፈራው።

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አክስቷ ሁለት እንክብል አውጥታ በወንድሟ መዳፍ ላይ አደረገችለት፤ እሱም ውሃውን አነሳ። ቆቅ ደግሞ የአባቷን ስልክ አንስታ የሐኪሙን ቁጥር ፈለገች።

«ደውዪና፣ እዚህ ቤት ሁለተኛ ድርሽ አልልም» አለች አክስቷ። እንደማትቀልድ ሦስቱም ያውቃሉ።

ቆቅ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ብልቃጡ አጠገብ አኖረችው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ሐኪሙ።

«አባቴ ያልነገረዎት ነገር አለ» አለች፣ አባቷን ዓይን ዓይኑን እያየች። እንክብሎቹን የያዘው እጁ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

አክስቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩ ሲላተም ቆቅ ዞር አላለችም። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ የቅጠሉን ስም ለሐኪሙ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች።