ብርዝ የተባለው

ቲጃኒን ያገኘሁት በቀይ ጨርቅ ምክንያት ነው። እኔ ሄርማታ መርካቶ፣ በአባቴ በሀጂ አብዱልሰመድ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እሸጣለሁ፤ እሱ ለቀበሌ መፈክር ይጽፋል። በደርግ ጊዜ መፈክር የማይጻፍበት ሳምንት መቼ ነበርና! በየሳምንቱ ይመጣ ነበር።

«ሦስት ሜትር ቀይ» ይላል። ዓይኑ ግን ጨርቁ ላይ አይደለም።

«ባለፈው የወሰድከው አለቀ?»

«አብዮቱ ብዙ ይናገራል፣ ምን ላድርግ» አለኝ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳቅሁ። በዚያው ወደድኩት። ምን አለፋችሁ፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ከዐረፋ በዓል በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እህቴ መሪማ በጠራራ ፀሐይ ሰክራ ቤት ገባች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል። ደብተሯን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ አስመለሳት።

«ምን ጠጣሽ?» አለ አባቴ።

«ብርዝ! ወላሂ አባ፣ ብርዝ ነው! ጣፋጭ ነው፣ የጠጣሁበት ቤት ግድግዳ ላይም ተጽፏል!»

«ብርዝ ያሰክራል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በእኛ ቤት ብርዝ ማለት በውኃ የተበጠበጠ ማር ነው፤ ሕፃንም ይጠጣዋል። የሚያሰክረው ጠጅ ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ አንነካም። አባቴ ሦስት ቀን ሲያስብበት ከረመ። በአራተኛው «መስከሯ ሳያንስ ዋሸችኝ፤ ትምህርቱ ይብቃት» አለ። «ደዶ ገጠር ያለው ጀቤሳ ለጋብቻ ጠይቆኛል። ከበዓሉ በኋላ ትሄዳለች።»

ጀቤሳ የመሪማ እኩያ የሆኑ ልጆች ነበሩት። መሪማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባ የሚባል አልመጣልኝም።

ጽሑፉን ላየው መንደራ ቆጪ ሰፈር ሄድኩ። ከመሪማ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት አቶ ከተማ የሚባል ሰው የከፈተው መጠጥ ቤት አለ። ግድግዳው ላይ በአንድ እጇ ደብተር፣ በሌላው ብርሌ የያዘች ልጅ ተሥላ ትስቃለች። ከሥሯ «ለጎበዝ ተማሪ ጣፋጭ ብርዝ!» ይላል። ሳላነበው የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። ራሴ በለካሁት ጨርቅ ላይ ያንን ፊደል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ቲጃኒ ሥራ ቦታው ነበር።

«ጠጅ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ብሩሹን በጋዝ ማጠቡን ቀጠለ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አቶ ከተማ ‹ጠጅ ቤት› ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። እኔ እስላም ነኝ፣ ጠጅ የሚል ቃል በእጄ አልጽፍም አልኩት። ምን ይሻላል ሲለኝ... ‹ብርዝ› ልበለው አልኩ።» ብሩሹን አስቀመጠ። «ወደደው። ያኔ ነው ተማሪ ጨምርበት ያለኝ።»

«ቃሉን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«እጄ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው፣ ኩልሱም። ወላሂ ልጆቹን አላሰብኳቸውም።»

ልሰድበው ፈልጌ ነበር። አስታግፊሩላህ፣ የምሰድብበት ስንት ቃል ነበረኝ! አፌ ግን ጥርስ ለማስነቀል መርፌ እንደተወጋ ሰው ደነዘዘብኝ።

«ለአባቴ ንገረው» ብቻ አልኩ።

«ከነገርኩት ሽማግሌዎቼን ይቀበላል?»

«አይቀበልም።»

«እያወቅሽ ንገር ትይኛለሽ?»

«መሪማ በዚህ ሰበብ ልትዳር ነው፣ ቲጃኒ።»

ብዙ አየኝ። «ማል ጎና» አለ በመጨረሻ፤ ምን እናደርጋለን እንደማለት ነው።

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሱቅ መጣ። ቀይ ጨርቅ አልጠየቀም። ለአባቴ አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ ቃሉን ማን እንዳመጣው ጭምር።

«ልጅዎ አልዋሸችዎትም፣ ሀጂ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ እስኪጨርስ ጠበቀው። «እውነቱን ስለነገርከኝ አላህ ይክፈልህ» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ደጄን አትርገጥ።»

«እሺ» አለ ቲጃኒ፣ ወደ እኔም አየ።

አባ፣ ይሄ እኮ ላገባው ያሰብኩት ሰው ነው፣ ማለት እችል ነበር። ይህን ብል ግን አባቴ፣ ወሬው ሁሉ ለእኔ ፍቅር ሲል የፈጠረው ነው ብሎ መሪማን ደዶ ይሰዳት ነበር። ስለዚህ ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ። ቀና ስል ሄዷል።

መሪማ ትምህርቷን ቀጠለች። ቲጃኒ አጋሮ ገባ፤ እዚያው አገባ አሉ። ስሰማ ምንም አልተሰማኝም፤ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ ነበርና ለክቼ ጨረስኩ።

መሪማ ዛሬ ነርስ ናት፣ የሦስት ልጆች እናት። አንዳንዴ ታነሳዋለች።

«ያ ሰውዬ ግን ምን አስጨነቀው? ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? አንቺ እኮ የዚያን ቀን ሱቅ ነበርሽ፣ ስሙ ማን ነበር? ዱዓ ሳደርግለት በስሙ ብጠራው ደስ ይለኛል።»

«ረሳሁት» እላታለሁ።