የቡላ ትንፋሽ

«ይሄን ነፍሰ ገዳይ ልቀቁልኝ!» ይላል ባየልኝ፣ ድንጋይ ጨብጦ። የታላቅ ወንድሙ የቢሻው ሬሳ ገና ከሰሊጥ መጋዘኑ አልወጣም።

«ድንጋዩን ጣል! አለዚያ አስቀድሜ የማስረው አንተን ነው» አለችው ኢንስፔክተር ምስራቅ። ከሸሕዲ ኮኪት ድረስ በዚያ ሙቀት ስትንገላታ መጥታ የማንንም ጩኸት የምትሰማበት ትዕግሥት አልነበራትም። ባየልኝ ድንጋዩን ጣለው፤ ዓይኑን ግን ከነጋዴው ከሷሊህ ላይ አልነቀለም።

በቆላው ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛ። ቢሻው ግን ጥላውን እንኳ የማያምን ሰው ነበርና፣ በር ዘግቶ፣ ውሻውን ቡላን እግሩ ሥር አስተኝቶ መጋዘን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አልጋው ሥር የነቀዝ መድኃኒት ተበትኗል፤ ጋዙ በዝግ ቤት ሰው ይፈጃል። ባዶ ጣሳው ከሷሊህ ሱቅ የወጣ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ገበያ መሐል ተሰዳድበው ነበር።

«ኮኪት በሙሉ ከኔ ነው የሚገዛ!» አለ ሷሊህ ላቡን እየጠረገ። «ወላሂ፣ ጎትተው ባያመጡኝ ይቺን ግቢ አልረግጣትም!»

ምስራቅ ወደ ሟች ሚስት ዞረች። አገኘሽ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ሌሊት ውሻው የት ነበር?»

«እሱው ዘንድ። ጠዋት በሩን ስከፍት ነው የወጣ።»

ቡላ ጥላ ሥር ታስሮ ሲር ሲር እያለ ይተነፍሳል። ምስራቅ ጎንበስ ብላ የገመዱን አስተሳሰር አየች። ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙን ሰፍዋንን አስጠራች፤ ከትናንት በስቲያ የውሻውን የመተንፈሻ ቧንቧ በሽታ የመረመረ እሱ ነው።

ሰፍዋን ማዳመጫውን በቡላ ጉሮሮ፣ ቀጥሎም በደረቱ ላይ አደረገ፤ ድዱን ገልጦ አየ፤ ከዚያ ከመጋዘኑ በር ጀምሮ ግቢው ውስጥ እስካለው የኒም ዛፍ ድረስ አስኬደው።

«ያን ለት ኒሙ ዛፍ ሥር ሲደርስ ነው ትንፋሹ ያጠረው። ዛሬም ያው እዚያው። ድዱም ደህና ነው፤ ምንም አልባሰበት።»

«ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ቢያድርስ?»

«በዚህ ጉሮሮ? ከሰውየው ቀድሞ ነበር የሚሞት!»

ምስራቅ የቡላን ገመድ አስፈትታ ሁሉንም መጋዘኑ ደጃፍ ሰበሰበች።

«ቢሻውን የሚጠላ ሞልቷል፤ ለውሻው ያዘነ ግን አንድ ነው። መድኃኒቱን ከመበተኑ በፊት አውጥቶታል። እስቲ ውሻውን በየተራ እሰሩልኝ።»

«እኔ ውሻ አልነካም» አለ ሷሊህ።

ባየልኝ እየተሳደበ ገመዱን የቡላ አንገት ላይ አጠለቀና ጎተተ። ቡላ ታነቀ፤ ምላሱ ወጣ።

«ተው! ትገድለዋለህ!» አገኘሽ ዘላ ገመዱን ነጠቀች፤ በደረቱ ዙሪያ አዙራ አሰረችው። ነጠላዋ ወደቀ። አንገቷ ላይ የጣት ሰንበር ተጋድሟል።

ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ አንገቷ ላይ አፈጠጠ።

«ኮኪት ውሻ የሚታሰር በአንገቱ ነው» አለች ምስራቅ ቀስ ብላ። «ቡላን ግን ስመጣ በደረቱ ታስሮ ነው ያገኘሁት፤ ልክ አሁን እርስዎ እንዳሰሩት። ከጋዙ ጋር አላደረም፤ ትንፋሹ መሰከረ። ጠዋት ከውስጥ ወጣ ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት። በደረቱ ማሰርን ማን አሳየዎት? ሐኪሙ?»

«ምን ሐኪም ያሻኛል? መታነቅ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ!» አለች አገኘሽ። «መተንፈስ ያቃተው ውሻ ምን ይሠራልኛል፣ ነገ በጥይት እለዋለሁ አለ ቢሻው። ማታ ማታ ደግሞ የኔን ትንፋሽ ይይዛል።»

«እና እኔ በድንጋይ ስወገር ዝም ልትይ ነበር?» አለ ሷሊህ።

«አዎ» አለች፣ ዓይኑን እያየች።

ፖሊሶቹ መኪናው ላይ ሲያወጧት ዞር አለች። «ሷሊህ፣ ባየልኝ ይገድለዋል። ቡላን አደራ።»

«ለኔ ነፍስ ያላዘንሽ የውሻ ነፍስ አደራ ትሰጪኛለሽ? ሂጂ ወዲያ!»

መኪናው ተነሣ። ቡላ ገመዱን እየጎተተ ተከተላት። ኒሙ ዛፍ ሥር ሲደርስ ትንፋሹ አጠረና ቆመ።