ተናጋሪ ሦስት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ትቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራዬ የኮምፒውተር ጣጣ ነው፣ «ለሊሴ፣ ይሄ ማሽን ዛር ሰፍሮበታል መሰለኝ» ብሎ የሚደውልልኝ ዶክተር ስንቱ ነው፣ ሄጄ ሳየው ገመዱ ተነቅሎ አገኘዋለሁ፣ ሰክቼለት «ዛሩ ወጥቷል፣ ዶክተር» ብዬው እመለሳለሁ። ጋኔን፣ ሟርት፣ መንፈስ የሚባል ነገር ጆሮዬ አይገባም ነበር። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ወደ ገፈርሳ ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ከአጥራችን ሥር በሚጀምርበት በኩል፣ ከአባቴ ጋር። አባቴ ኦቦ ደበላ ይባላሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ያረሱ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና የሚጠሩ፣ ወሬ ሲጀምሩ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያቀላቀሉ ሰውን በሳቅ የሚገድሉ ሰው ነበሩ። ነበሩ የምለው ባለፈው ክረምት ስትሮክ ስለመታቸው ነው። ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፣ ግራውም አቅም አጣ፣ አንደበታቸው ጭራሽ ተዘጋ። ሐኪሙ ይመለሳል አላለም፣ አይመለስምም አላለም፣ እኔም እሳቸውን ለመጠበቅ ከቤት እንድሠራ ተፈቀደልኝ።

ታላቅ ወንድሜ ገመቹ የሚኖረው ሱሉልታ ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት፣ ውሸት አልናገርም። አባባን ወደዚያ ልውሰዳቸው ይል ጀመር። አንቺ ብቻሽን አትችይም አለ፣ እሺ ይሁን፣ ቀጥሎ ያላት ነገር ግን አንጀቴን አሳረረችው፤ አባባ እኮ የት እንዳሉ እንኳን አያውቁም፣ እዚያ ቢሆኑ እዚህ ቢሆኑ ለእሳቸው ያው ነው አለኝ። ያውቃሉ አልኩት። በምን አወቅሽ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡበት መስኮት ሥር፣ ራሳቸው ከተከሉት ዛፍ ፊት ነቅሎ መውሰድ ሞታቸውን ማፍጠን መስሎ ነው የሚታየኝ፣ ግን ማስረጃ የለኝማ። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን እሑድ መጥቶ ሊወስዳቸው ተቀጣጠርን። እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ ስሜን ብቻ ቢጠሩኝ ገመቹ ደፍሮ አይወስዳቸውም ነበር።

ዩኒቨርሲቲያችን በዚያው ሳምንት መምህራኑ በኢንተርኔት የሚሰበሰቡበትን መሣሪያ ኤአይ ጨምሮ አሻሽሎ አመጣ። ሰው ሲናገር ወዲያው ከስክሪኑ ሥር በጽሑፍ ያወጣል፣ አማርኛም ኦሮምኛም። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ካለ በድምፃቸው ለይቶ ተናጋሪ አንድ፣ ተናጋሪ ሁለት እያለ ያስቀምጣቸዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ማን ምን አለ፣ ምን ተወሰነ የሚለውን ራሱ አጠቃሎ ይልካል፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ ቀረ ማለት ነው። ይህን ለመምህራኑ የምናሠለጥነው እኔና ታምራት ነን፣ ታምራት የወላይታ ልጅ ነው፣ ሰበታ ነው የሚኖረው፣ ጴንጤ ነው፣ ቀልደኛ ነው። ከሥልጠናው በፊት አመሻሽ ላይ እየተደዋወልን እንሞክረው ነበር፣ እሱ ከሰበታ፣ እኔ ከቡራዩ።

አርብ ዕለት ጀንበሯ ልትጠልቅ ስትል ጀመርን። አባባ ከኋላዬ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ እንደ ልማዳቸው ባሕር ዛፉን ያያሉ። ታምራት ስለ ይለፍ ቃል ምን እንደሚያወራ እንጃ፣ እኔ ዝም ብዬ ጽሑፉን አያለሁ፣ የእሱ ንግግር በስሙ እየተጻፈ ይወርዳል፣ የእኔ ማይክ ተናጋሪ አንድ ብሎ አውቆኛል። ታምራት ትንፋሽ ሲወስድ ከሥሩ አንድ መስመር ብቅ አለች። ተናጋሪ ሁለት፣ «አቤት» ትላለች።

ዞር አልኩ። የአባባ አፍ ግጥም ብሎ እንደተዘጋ ነው። ታምራት ሰው አለ እንዴ እቤት ይለኛል፣ አባባ ብቻ ናቸው አልኩት፣ እንዴ ተናገሩ ብሎ እልል ሊል ቃጣው። ቆይ አልኩና እንደ ባለሙያ ልሥራው ብዬ ሬዲዮኑን ነቀልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ጓሮ ወጥቼ አየሁ፣ ጎረቤትም ዝም ነው፣ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት የሚያብዱት ውሾች እንኳን ዝም ብለዋል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የማይኩ አረንጓዴ መስመር፣ ድምፅ ሲገባ ከፍ ዝቅ የምትለዋ፣ ቤቱ ጭጭ ባለበት ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ትንሽ ቆየችና እንደገና ተጻፈ፤ አቤት።

እመኑኝ፣ ያኔ አልፈራሁም፣ አለቀስኩ። ማይክ ጆሮ የማይሰማውን ይይዛል፣ አባባ በትንፋሽ ያህል እየተናገሩ ነው፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው ብዬ ደመደምኩ። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አባባ፣ ይበሉ እንደገና እያልኩ ለመንኳቸው፣ እሳቸው ግን ዓይናቸው ከመስኮቱ አልተነቀለም። ወዲያው ለገመቹ ደወልኩ፣ ተናገሩ አልኩት፣ ሰማሻቸው ሲለኝ አይ በጽሑፍ ነው አልኩ። እሑድ ስትመጣ ታያለህ ብዬ ዘጋሁበት።

ማታውን የስብሰባው ማጠቃለያ መጣ። የሥልጠናው ጉዳይ፣ የታምራት ድርሻ፣ የእኔ ድርሻ፣ ሁሉም ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፤ «ተናጋሪ ሦስት ተናጋሪ ሁለትን ጠርቷል። ተናጋሪ ሁለት አቤት ብሏል። የሚነሡበት ቀን አልተወሰነም።» ተናጋሪ ሦስት የሚባል ሰው በጽሑፉ ላይ አላየንም፣ አልነበረም። ታምራት ምንድን ነው ይሄ ብሎ ሲደውልልኝ፣ ይቀባጥራል እኮ፣ ኤአይ ያልተባለውን እየፈጠረ ይቀባጥራል ብለን ራሳችን አይደል የምናሠለጥነው አልኩት፣ ሳቅን። እኔ ከልቤ ነበር የሳቅኩት፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ከአባባ አጠገብ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። አመሸ። ታምራት ከሰበታ መስመር ላይ ገባ። ውሾቹ ዝም አሉ፣ ልብ ብዬ ነው የሰማሁት፣ አንድ ጊዜ ጸጥ ነው ያሉት። አረንጓዴዋ መስመር ተነሣች፣ ተናጋሪ ሦስት ብሎ ጻፈ፣ «ደበላ» ይላል። ቀጥሎ ተናጋሪ ሁለት፣ አቤት። ቀጥሎ ተናጋሪ ሦስት፣ «ኮቱ» ይላል፣ በኦሮምኛ ና ማለት ነው። አባባ አፋቸውን አልከፈቱም። ከግንባራቸው ግን ላብ ይወርዳል፣ በዚያ ብርድ።

ክው ነው ያልኩት። ምን መሰላችሁ፣ በእኛ ሰፈር አባቴን ያለ «ኦቦ» ደበላ ብሎ የሚጠራ ሰው በሕይወት የለም። ታላላቆቻቸው ሁሉ አልቀዋል፣ እኩዮቻቸውም ኦቦ ነው የሚሏቸው፣ እንደ ልጅ ና ብሎ የሚያዛቸው ማን ነው? ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ልጆች ሆነን ለከብት ወደ ገፈርሳ ስንላክ አባባ ራሳቸው የሚያስጠነቅቁን ነገር። ጀንበር ከገባች በኋላ ፊቱን ያላያችሁት ሰው ከዛፉ ውስጥ ስማችሁን ቢጠራ፣ ሦስት ጊዜ ሳይጠራችሁ አቤት እንዳትሉ ይሉን ነበር፣ ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል፣ ያ ነገር ግን ሦስተኛውን አይችለውም፣ በመጀመሪያው አቤት ያለ የእሱ ነው። ገመቹና እኔ ስንስቅባቸው በከዘራ ነው የሚያባርሩን።

ይህንኑ ለታምራት ነገርኩት። እንደሚቀልድ ጠብቄ ነበር፣ ግን በኢየሱስ ስም ብሎ ጸሎት ጀመረ፣ ጸሎቱ ራሱ ስር ስሩን በጽሑፍ እየወጣ። ዝጊው አለኝ፣ ነገ እንዳትከፍቺው አለኝ። መዝጋት ነበረብኝ። ግን አስቡት እስቲ፣ ነገ አባቴን ሊወስዱብኝ ነው፣ ያለኝ ማስረጃ ይህ ብቻ ነው፣ ማን ይጥራቸው ማን እሳቸው አቤት እያሉ ነው፣ አቤት የሚል ሰው ደግሞ ያውቃል። የፈራሁትን ያህል ጓጉቼ ነበር።

እሑድ ገመቹ ፒካፑን ይዞ መጣ፣ አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ ብሎ አባባን ትከሻቸውን ሳመ፣ ከጎናቸው ተቀመጠ። ታምራትን ለምኜው ገባ፣ አልናገርም ብሎ። እንግዲህ ጠበቅን። ምንም የለም። መስመሯ ሞተች፣ ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ገመቹ ሲያስል ሳሉ እንኳን አልተጻፈም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ አልተቆጣኝም፣ ለሊ ደክሞሻል አለኝ፣ ለስለስ ብሎ፣ እንደ በሽተኛ። ከዚያ የአባባን ፍራሽ ተሸክሞ ወደ መኪናው ወጣ። ሆድ ባሰኝ፣ እዚያው ከአባባ እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጀንበሯ ገባች። ውሾቹ ጸጥ አሉ። እኔ ቀና ስል ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ብቻ ታየኝ፤

«ለሊሴ።»

ስንት ወር የጠበቅኩትን ስም! ማን እንዳለው አላየሁም፣ ከፊቱ ያለውን አላነበብኩም፣ አባባ ናቸው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

«አቤት፣ አባባ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

የአባባ ግራ እጅ ተወርውሮ አፌ ላይ ተለጠፈ። ያ እጅ ማንኪያ እንኳን እኔ ካልደገፍኩት አያነሣም ነበር፣ ጥርሴ ከንፈሬን እስኪቆርጠው ድረስ ነው አፌን የያዙት። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው፣ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ፣ እንባቸው ይወርዳል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አይ፣ አይ፣ አይ። እጃቸው አፌ ላይ እንዳለ በጎን ስክሪኑን አየሁ። ስሜን የጠራው ተናጋሪ ሦስት ነው። ከሥሩ ተናጋሪ አንድ አቤት ብላለች፣ እሷም እኔ ነኝ።

ገመቹ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ ያየው ሌላ ነው፣ አባት የልጁን ፊት ሲዳብስ፣ ሲያለቅስ ነው ያየው። ተንበረከከና ያውቁሻል እኮ፣ ለሊ፣ ያውቁሻል እያለ እሱም አለቀሰ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ፍራሹን መልሶ አገባው፣ እዚሁ ይሁኑ አለ። የፈለግኩትን አገኘሁ ማለት ነው። ምንም አልነገርኩትም፣ ምን ብዬ ልንገረው?

የእሑዱ ማጠቃለያ ለእኔም ለታምራትም ተልኮ ነበር፣ እኔ ሳልከፍተው ጠፍቶ አገኘሁት። ታምራት ነው ያጠፋው፣ ሥልጣኑ አለው። ምን ይላል ብዬ አጥብቄ ጠየቅኩት።

«ይቀባጥራል እኮ፣ አንቺው ነሽ ያልሽው» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ሥልጠናው ተሰጠ፣ መምህራኑ መሣሪያውን ወደውታል፣ አንድም ሰው ስለ ሌላ ተናጋሪ አላማረረም። እኔ እቤት አልከፍተውም። አባባ ዛሬም አይናገሩም፣ ግን መስኮቱን ማየት ትተዋል፣ የሚያዩት እኔን ነው፣ ሲመሽ በግራ እጃቸው የእጄን አንጓ ይይዙና ጨለማው እስኪጠና አይለቁኝም፣ ጠዋት ሳየው ቦታው ይጠቁራል። መሣሪያው አቤት ብሎ የጻፈው እሳቸውን ሰምቶ ይሁን ሌላ፣ እስካሁን አላውቅም። ታምራት ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ምሽት ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም፣ ሰላምታ የለ፣ ቀልድ የለ፣ ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ ስሜን ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ለሊሴ፣ ለሊሴ፣ ለሊሴ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔም ሦስተኛውን ጠብቄ ነው አቤት የምለው፣ ለእሱም፣ ለጎረቤትም፣ ለገመቹም፣ ለሰው ሁሉ፣ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ያን ዕለት ግን በመጀመሪያው ነው አቤት ያልኩት።