ድቤውን ማን ይምታ?

«ወሃቢያው! አቀብላ! ወሃቢያው!»

አብዱልወሃብ ኳሷን እግሩ ሥር እንደያዘ ቆመ። የጮኸው ሄኖክ ነው። ሄኖክ ክርስቲያን ነው፤ ወሃቢያ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠየቅ የሽንኩርት ዘር ስም ነው ሊል ይችላል። ሰው ሲለው ሰማ፣ እሱም አለ፣ በቃ።

«ማን ነው ወሃቢያ?»

«አንተ ነሃ! ሁሉም እንደዚያ አይደል የሚልህ?»

አብዱልወሃብ ኳሷን ከሜዳው ውጭ ለጋት። ዋናው አስፋልት ላይ አርፋ በአንድ ባጃጅ ሥር አለፈች። የእረፍት ሰዓቱ ጨዋታም በዚያው አበቃ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ቅጽል ስምን ግን የሚያወጣው ሥራ ፈት ነው። ይህንንም ያወጣው ሰዲቅ ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጠው የሰፈሩ ልጅ፣ ለመውሊድ ድቤ የሚመቱትና መንዙማ የሚሉት ልጆች አለቃ። «አብዱል-ወሃብ... ወሃቢያ ነህ እንዴ?» አለው አንድ ቀን። ልጆቹ ሳቁ። ቃሏም ከዚያ ወዲህ እንደ ጭጎጎት ተጣብቃበት ቀረች።

ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው። አል-ወሃብ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ ሳይሰስት የሚሰጥ ማለት ነው። የልጅ ልጅ ለማየት ስንት ዓመት ዱዓ ካደረጉ በኋላ ስላገኙት ነው እንዲያ ያሉት። እኒያ ሰው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመውሊድ ድቤ ሲመቱ የኖሩ ናቸው። እንግዲህ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነው መውሊድ ይጠላል የተባለው!

በሰፈሩ ይቺ ቃል ቀልድ አይደለችም። መውሊድ በማይወጣ ሰው ሁሉ ላይ ትለጠፋለች። የተለጠፈችበት ሰው ሰላምታው በግማሽ አፍ ይመለስለታል፣ ሱቁ ይታለፋል። ምን እንደሚያምን እሱን ራሱን የሚጠይቀው የለም።

ከትምህርት መልስ በሰዲቅ ግቢ ልምምድ ነበር። መውሊዱ ደርሷል፤ ከጀውሃ ሳይቀር ሰው ይመጣል። የአያቱ ድቤ ቆዳው እንዲወጠር ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። የሮቢት ፀሐይ ለሌላ ባትመችም ለድቤ አንደኛ ናት። አያቱ ሲያርፉ ድቤው ለመውሊዱ ማኅበር ተሰጠ፤ መምታቱን ግን አስቀድመው ለአብዱልወሃብ አስተምረውት ነበር። ዘንድሮ ተራው የእሱ ነው ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቅ ከርሟል።

እጁን ሲዘረጋ ሰዲቅ ድቤውን ወደ ራሱ ሳበው።

«ዘንድሮ አንተ አትመታም።»

«ለምን?»

«ሰዎች እያወሩ ነዋ። ወሃቢያ እንዴት ድቤ ይመታል እያሉ።»

«ሰዎች? ስሙን አንተ አይደለህ እንዴ ያወጣህልኝ!»

«እኔማ ሙድ ስይዝ ነው። አታካብደዋ!» ሰዲቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ግን ነገሩ ከፍቷል። ትምህርት ቤት ከአሊዪ ጋር አንድ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ያውቃሉ። የአሊዪ አባት መውሊድ እንደማይወጣ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ ወሃቢያ አይደለሁም! ስንቴ ልማል? ወላሂ አይደለሁም!»

«እኔ መች አጣሁት? ለልጆቹ ንገራቸው። ወሃቢያው አሊዪ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ አላውቀውም በል። ድቤውን አሁኑኑ እሰጥሃለሁ።»

ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር የተቀመጡት ልጆች ወሬያቸውን አቁመው አዩት። ድቤው እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው። አሊዪ እዚህ የለም። አንዲት ቃል ናት፣ ብሎ አፉን ከፈተ።

የአሊዪ አባት፣ ጋሼ አብዱልሀኪም፣ ትዝ አሉት። ከአያቱ ጋር በየዓመቱ በመውሊድ ነገር ይከራከሩ ነበር። «ነቢዩ ያላዘዙትን» ይላሉ ጋሼ አብዱልሀኪም። «ነቢዩን መውደድ ምን ነውር አለው?» ይላሉ አያቱ። ሻዩ ይቀዘቅዛል። ተኮራርፈው ይለያያሉ፤ በማግስቱ አብረው ማሾ ሲያርሙ ይውላሉ። አንዱ ሌላውን አሸንፎ አያውቅም። አያቱ ግን ያን ያህል እየተናደዱ እንኳ አንድም ቀን ወሃቢያ ብለው አልጠሯቸውም። «አንት አብዱልሀኪም፣ ግትር!» ነበር የሚሏቸው።

አብዱልወሃብ ደሙ ፈላ፤ አሁን ግን በራሱም ጭምር ነው። ሰሞኑን ሁሉ «አይደለሁም፣ አይደለሁም» ሲል የከረመው ምን ማለቱ ኖሯል? ወሃቢያ የሆነ ሰው ካለ እሱን ስደቡት፣ እኔን ግን ተዉኝ ማለቱ አይደል?

«ስሙ አሊዪ ነው» አለ።

«እሱንማ አውቃለሁ፤ አንተ...»

«አሊዪ ነው ስሙ! አብሬው ነው የምቀመጠው። ነገም እዚያው ነኝ።»

«ድቤውስ?»

«አንተ ምታዋ!»

«እንግዲያው ውጣልን።»

«አልወጣም። መውሊዱ የእኔም ነው።»

ሄዶ ከአጨብጫቢዎቹ መካከል እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሰዲቅ ልጆቹን አየ። አንዱ መሬት መሬት ያያል፣ ሌላው ጭኑን ያካል፤ ተነስቶ የሚያስወጣው አልተገኘም። ሰዲቅ ተነፈሰና ድቤውን ጭኑ ላይ አድርጎ መምታት ጀመረ።

ሰዲቅ አለቅነቱን ይችልበታል፤ እጁ ግን ችኩል ነው። መንዙማው ገና ሳይጋጋል ምቱ መሮጥ ጀመረ። አብዱልወሃብ አልተከተለውም። አያቱ እንዳስተማሩት፣ ረጋ አድርጎ፣ ከነንዴቱ አጨበጨበ። መዳፉ ተቃጠለ። አዝማቹንም ከሁሉም በላይ ጮኾ ተቀበለ። አጠገቡ ያለው ልጅ ጭብጨባውን ከእሱ ጋር አስተካከለ፤ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ሰዲቅ ብቻውን ቀድሞ ሮጠ። ዞር ብሎ አብዱልወሃብን ገላመጠው፤ ቆየና ሳይወድ በግዱ የድቤውን ምት ወደ ጭብጨባው መለሰ።