ዝም ያሉት ግድግዳዎች

ትብለጥ ይመር የሚዘፍኑት ግድግዳዎች በሚዘጉበት ዕለት ደሴ የገባችው በጠዋቱ የገመድ ባቡር ነበር። ከኮምቦልቻ ሽቅብ የሚወነጨፈው ይህ ባቡር ተሳፋሪው አዛግቶ አፉን ሳይከድን ያደርሰዋል። ወርዳ ቀና ስትል ሕንጻው እንደ ድሮው ተገትሯል፤ ከጦሳ ተራራ ጋር ትከሻ የሚለካካ፣ ደመናን እንደ መቀነት የሚታጠቅ፣ ታችኞቹ በዝናብ ሲበሰብሱ ላይኞቹ ልብስ የሚያሰጡበት ሕንጻ። ያደገችው እዚህ ነው። አባቷ ጋሽ ይመርም ዛሬ ድረስ የሚኖሩት እዚሁ፣ ንስር እንኳ ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለቴ የሚያርፍለት ጫፉ ላይ ነው።

የምትሠራበት ኩባንያ ለአሮጌ ግድግዴዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ያቆማል። ግድግዴ የሚባለው በቤት ግድግዳ ውስጥ ተለስኖ የሚቀር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሣጥን የለው፣ ሽቦ የለው፤ የሚዘፍነው ራሱ ግድግዳው ነው። የጎረቤትን ጭቅጭቅና የሕፃን ልቅሶም ሳይሻገር ዋጥ ያደርጋል። ብቅ ያለ ሰሞን አገር ጉድ ብሎለት ነበር፤ ግድግዴ የሌለው ጎረምሳ ሽማግሌ ቢልክ ሽማግሌዎቹ ከደጅ ይመለሱ ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ ጆሮ ዘር አስተክሏል። ጆሮ ዘር ከጤፍ የምታንስ፣ ጆሮ ውስጥ የምትቀበር፣ ለባለቤቷ ብቻ የምታዜም ፍሬ ናት። ግድግዴዎቹም ሰሚ ሳይኖራቸው፣ ከልማድ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት ሲያንጎራጉሩ ከርመዋል።

ታዲያ ሊዘጉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው የዚህ ሕንጻ ግድግዴዎች በገዛ ፈቃዳቸው ጸጥ አሉ። ከነዋሪው አቤት ያለ የለም። ያወቀው ኩባንያው ነው፤ የእያንዳንዱን ግድግዳ ትንፋሽ ከሩቅ ሆኖ ይከታተላልና። ምክንያቱን እንድታጣራም ትብለጥን ላከ።

"አድማ ነው" አላት አለቃዋ ናሆም በጆሮ ዘሯ በኩል። "በስንብታችን ቀን ሊያዋርዱን ነው። የማን እጅ እንዳለበት ደግሞ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ።"

"አባቴ ነው ልትል ነው?"

"እኔ ምን አልኩ? አንቺ ነሽ ያልሽው።"

ትብለጥ አልተቆጣችም፤ እሷም የጠረጠረችው አባቷን ነው። ጋሽ ይመር የሕንጻውን ግድግዴዎች አንድ በአንድ በእጃቸው የለሰኑ ሰው ናቸው። "ከእኔ በፊት በደሴ ግድግዳ የሚያውቀው መቆም ብቻ ነበር" ይላሉ። ጦሳ አንድ ሌሊት ዘፈናቸውን ለመስማት ጠጋ ብሎ እንደነበርና መልሰው የገፉት እሳቸው እንደሆኑም ይናገራሉ። ደግሞ ተንኮል ያውቃሉ። የኩባንያው ሹማምንት ለጉብኝት የመጡ ዕለት ሕንጻውን ከመሠረት እስከ ጣራ የሙሽራ ዘፈን አስዘፍነው፣ ከሹማምንቱ አንዱን ሳይወድ በግድ እስክስታ አስወርደውታል።

የተጣሉት በጆሮ ዘር ምክንያት ነው። ትብለጥ በትንሽ ሙዳይ አምጥታላቸው ነበር።

"ጆሮዬ ማሳ አይደለም" አሉ።

"ዕቃ ነው እኮ አባባ። ዕቃ ያረጃል።"

"እኔስ?" አሉና በሩን ዘጉባት።

ከዚያ ወዲህ ስትደውል አያነሱም። ሰሞኑንም ደጋግማ ደውላ መልስ አላገኘችም፤ ኩርፊያቸው ነው ብላ ተወችው። ዛሬ ግን ከሥራዋ ይልቅ ለሌላ ነገር ቸኩላ ነበር የመጣችው። ከእኩለ ቀን በፊት አባቷን ታርቃ፣ ከወንበራቸው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ የግድግዴውን የመጨረሻ ዘፈን አብራቸው መስማት ፈልጋለች። ከዚያ በኋላ ቢዘጋ ይዘጋ።

ሥራዋን ከታች ጀመረች። ልብስ ሰፊ ቤት ገብታ ሳንቲም የምታህለውን ጠያቂዋን ከግድግዳው ላይ ለጠፈች። ጠያቂ ለግድግዴ እንደ ሐኪም ናት፤ ሕመሙን ጠይቃ በሰው ቋንቋ እንዲመልስ ታደርገዋለች።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ትብለጥ።

"ደህና ነኝ" አለ ግድግዳው።

"ታዲያ ለምን አትዘፍንም?"

"ጎረቤቴ ዝም ብሏል።"

"የትኛው?"

"ከላይ ያለው።"

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ሳቀ። "እኔ ከላይ ማን እንዳለ አላውቅም። ይሄ ግድግዳ ከእኔ ይሻላል ማለት ነው?"

ትብለጥ ገባት። ግድግዴዎቹ እርስ በርስ የሚመካከሩበት ጉርብትና የሚባል ጠባይ አላቸው። ከጎን ቤት ሕፃን ከተኛ ያኛው ዝቅ ይላል፤ አንዱ ሲዘፍን ሌላው አይደርብበትም። ሰው ሲያደርግ ያዩትን እየቀሰሙ ጉርብትናን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሰው አስበልጠው ተምረውታል። አንደኛው ግድግዴ ከተበላሸ እግረ መንገዱን ሁሉንም ሊያፍን ይችላል ማለት ነው። "አባባ፣ አገኘሁህ" አለች በልቧ። የራሳቸውን ግድግዴ አፍነው ሕንጻውን በሙሉ አፈኑት።

በየፎቁ ጠየቀች። አንዱ ግድግዳ "ከላይ ያለው" ይላታል፤ ላይ ስትደርስ ያኛውም "ከላይ ያለው" ይላታል። የሚከፍቱላት ሰዎች የጆሯቸውን ዜማ እየሰሙ ጭንቅላታቸውን በቀስታ ያወዛውዛሉ፤ ግድግዳቸው ዝም ማለቱን የነገረቻቸው እሷ ናት። እንዲህ እያለች ከአባቷ ፎቅ ሥር እትዬ ዘሪቱ ቤት ደረሰች።

"አንቺ የይመር ልጅ አይደለሽም? እንዴት ወፈርሽ፣ ተመስገን ነው" አሉ እትዬ ዘሪቱ። ጆሮ ዘር ካላስተከሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው። "እኔስ የሚጠግን ሰው መቼ ነው የሚመጣልኝ ስል ነበር። ይሄን ግድግዳ ምን ነካው?"

"አባቴ የሠራው ተንኮል ይመስለኛል። ሰሞኑን አግኝተውታል?"

"ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ጉልበቴ ደረጃ አይወጣልኝም፣ የእሱም አይወርድለትም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ሲያንጎራጉር፣ ይመር ደህና አደረ እላለሁ። ይኸው ነበር ሰላምታችን።" ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ልጄ፣ ይሄ ሕንጻ እንዲህ ድርግም ብሎ ያየሁት አንዴ ነው። እናትሽ ያረፈች ጊዜ። ያኔ ሁላችንም በእጃችን ነበር ያጠፋነው። ለቅሶ ቤት አጠገብ ማን ዘፈን ያሰማል?"

ትብለጥ ጠያቂዋን ከግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"ማን ነው ዝም ያለው?"

"ከላይ ያለው።"

"ለምን?"



"ለቅሶ ነው" አለ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። በሩ ድምጿን ያውቃልና ስትጠራው ተከፈተ። ጋሽ ይመር ከግድግዳው ፊት ለፊት ባለው ወንበራቸው ላይ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ራቅ ያለ ነገር ለመስማት እንደሚጥር ሰው ተቀምጠዋል። ያመጣችላቸው የጆሮ ዘር ሙዳይ አንዱ የወንበር እግር እንዳይነቃነቅ ከሥሩ ተወሽቋል። እጃቸውን ያዘች። ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ኡኡ አለች። ግድግዴዎቹ እንደ ልማዳቸው ጩኸቷን ዋጡት። አንድም በር አልተከፈተም።

ናሆም የደወለው ያን ጊዜ ነው። ነገረችው። "ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው" አለ፤ እውነቱን ነበር፣ ድምፁ ተሰብሯል።

"መዝጋቱን አቆይልኝ።"

"ለመላ አገሩ በአንዴ ነው የሚዘጋው ትብለጥ። በእኔ እጅ አይደለም።" ቀጥሎ የተናገረው እየከበደው ነው። "ስሚ። ሲዘጋ ጉርብትናው ይሰረዛል። ሁሉም እንደተገዙበት ቀን ሆነው ነው የሚነሡት። ያን የእንኳን ደስ አለዎት ዘፈን ታስታውሺዋለሽ?"

እንዴት ትረሳዋለች? ከበሮና እልልታ ያለበት፣ ሙት የሚቀሰቅስ ዘፈን ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ያ ሁሉ ግድግዳ በአባቷ ሬሳ ላይ እልል ሊል ነው።

ግድግዴን በእጅ ማጥፋት ይቻላል። ከበሩ ጀርባ ከክዳን ሥር ያለውን መዘውር ወደ ታች መሳብ ብቻ ነው፤ ግን ከእናቷ ለቅሶ ወዲህ የነካው ሰው ስለሌለ ብዙዎቹ ቤቶች ዕቃ ደርድረውበታል። ትብለጥ ወርዳ የእትዬ ዘሪቱን መዘውር ሳበች። ከዚያ ከፎቅ ፎቅ እየወረደች በር ታንኳኳ ጀመር። መርዶ ለባለ ሐዘን ሲነገር እንጂ ባለ ሐዘን በየቤቱ እየዞረ መርዶ ሲናገር አገር አይቶ አያውቅም። እሷ ግን ዞረች።

"አባቴ ሞቶብኛል" ትላለች። "ግድግዴያችሁን አጥፉልኝ።"

መጀመሪያ የከፈተላት ሰው ከንፈሯን እያየ ጆሮ ዘሩን አስቆመ። "ማን ሞተ?"

"ጋሽ ይመር። ጫፉ ላይ ያለው።"

"ኧረ የኔ እናት! እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ..." አለና ወደ በሩ ጀርባ ዞረ። መዘውሩን ከሳበ በኋላ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። "ቀሪውን እኔ እሄድበታለሁ፣ አንቺ አባትሽ ጋ ውጪ" ብሏት ነጠላ ጫማውን እንደተጫማ ቁልቁል ሮጠ። ታች ያለው ልብስ ሰፊም ሰምቶ ሽቅብ ጀመረ። መሐል ላይ ሲገናኙ ስም ለስም አይተዋወቁም ነበር፤ ላብ በላብ ሆነው በየደጁ አብረው ይንጫጩ ጀመር። ቁም ሣጥን ሲገፋ፣ አልጋ ሲጎተት፣ "የት ነው መዘውሩ?" "ከበሩ ኋላ፣ ከበሩ ኋላ!" ሲባባሉ ሕንጻው ወገቡ እስኪንቋቋ ተናወጠ።

እኩለ ቀን ሆነ።

ምንም አልተሰማም። በሌላው ከተማ ስንትና ስንት ግድግዳ እልል ብሎ ይሆናል፤ ይህ ሕንጻ ግን ዝም አለ። ያጠፉትም ሰዎች ወደየቤታቸው መግባት አፍረው እንደሆነ፣ ወይ ሥርዓቱ ትዝ ብሏቸው፣ አንድ በአንድ ደረጃውን ወጥተው የጋሽ ይመርን ኮሪደር ሞሉት። እትዬ ዘሪቱ ያን ያልታዘዘላቸውን ጉልበት እየጎተቱ ደርሰው ከሬሳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ማንም ማንን አያውቅም። ሁሉም ወለል ወለሉን ያያል።

ድንገት ከክፍሉ ውስጥ ከበሮ ተመታ።

ትብለጥ ደነገጠች። የሰው ሁሉ በር ስታንኳኳ የአባቷን ግድግዴ ረስታዋለች፤ ከሁሉ ቀድሞ የተለሰነ አሮጌ ነውና ዘግይቶ ተነሣ። እልልታው ቀለጠ፤ አቋረጠና ደስ የሚል የወጣት ድምፅ ተናገረ።

"እንኳን ደስ አለዎት። እኔ አዲሱ ግድግዴዎ ነኝ። ከጎረቤቶችዎ ጋር ለመተዋወቅ በመፈለግ ላይ ነኝ።"

ኮሪደር ሙሉ ሰው ወደ ክፍሉ አንገቱን አሰገገ። ግድግዳው ለጥቂት ጊዜ ፈለገ።

"በዚህ ሕንጻ ውስጥ ጎረቤት አልተገኘም" አለ። "ለብቻዎ የሚኖሩ ከሆነ፣ እንዘፍናለን?"

እትዬ ዘሪቱ ቀና ብለው ግድግዳውን፣ ሥርዓት እንዳልተማረ የሰው ልጅ፣ ረጋ ብለው አዩት።

"እዚህ ነን" አሉት። "አሁን ዝም በል፣ ልጄ።"

ትብለጥ መዘውሩን ሳበች። በሕንጻው ውስጥ የቀረው የመጨረሻ ግድግዴ ጠፋ። አሁን በሕንጻው ድምፅ የሚውጥ ግድግዳ የለም። ከአባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ዳግመኛ ኡኡ አለች። ለቅሶዋ በቀጭኑ የኖራ ልስን አልፎ፣ ከፎቅ ፎቅ እየተንከባለለ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ከቤቱ ያልወጣ አኩራፊ ሁሉ ዘንድ ደረሰ። ከጦሳ ማዶ ሆነው የሰሙት ሰዎችም ነበሩ ይባላል። ይህን እንኳ ማጋነን ነው ብሎ የተከራከረ የለም።