ይቅር በለኝ የሚለው መንገደኛ

ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን አትቆስቁሱት፣ ይበቃል። ለዚህ ወሬ ጨለማው ይሻላል።

ሰዓቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቦታውስ? የቦታውን ስም አልናገርም። ብናገር ነገ ከእናንተ አንዱ ሄጄ ልይ ይላል፤ አውቃችኋለሁ። መንገዱን ግን ልንገራችሁ። በግራ ዳገት፣ በቀኝ ገደል፣ መሀሉ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ። ቤት የለም። ከብት የለም። ጉም ብቻ። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። እየሄደ ይሳደባል።

ማንን ነው የሚሳደበው? ቆይ እንጂ! አስጨርሱኝ።

ሰውዬው ባዘዘው ይባላል። ድሮ የነበረ ቤት ሠሪ ነው። ከገደሉ ማዶ፣ ጫካው ውስጥ፣ የጥንት ሰዎች የሠሯቸው ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ድንጋይ የለባቸውም፤ ከመሠረታቸው እስከ ጣሪያቸው እንጨት ናቸው። ወይራና ጥድ። አንድ ሚስማር አልተመታባቸውም ይባላል። ባዘዘው ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። «ያለ ሚስማር እንጨት እንጨትን እንዴት ያዘው?» ይላል። እሱ የሠራው ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ያዘማላ! ሰው ይስቅበታላ!

ሩቅ ነው? አይደለም። ሄዶ፣ አድሮ፣ አይቶ መምጣት ነው። ግን መንገዱን ብቻውን የሚሄድበት ሰው የለም። ስለዚህ ጓደኛውን ሞላልኝን ለመነው። ሞላልኝ በቅሎ ነበረችው።

«እንሄዳለን» አለ ሞላልኝ።

ሄዱ? አልሄዱም። ቀን ቆረጡ፤ ሞላልኝ በቅሎዋን ለአማቾቹ አውሶ ተገኘ። ሌላ ቀን ቆረጡ፤ ዝናብ ጣለ። ሌላ ቀን ቆረጡ፤ የባዘዘው አማት ታመሙ። አሁንም ቆረጡ፤ ጎረቤት ሞተና ለቅሶ ሆነ። በየጊዜው የባዘዘው ሚስት ብርቄ ስንቅ ታዘጋጃለች፣ በየጊዜው ስንቁን ልጆች ይበሉታል።

«ዳቦ ስጋግር ልሙት እንዴ?» አለች አንድ ቀን። «ወይ ሂድ፣ ወይ ተወው! ስለ እንጨት መስማት ሰልችቶኛል!»

መጨረሻ ላይ ወሬ መጣ። አብያተ ክርስቲያናቱ አርጅተዋል፤ ከክረምቱ በፊት ፈርሰው በድንጋይ ሊሠሩ ነው ተባለ። ባዘዘው አበደ። ሞላልኝ ቤት ሮጠ።

«ነገ በጠዋት!» አለው። «ብትሞትም ሬሳህን ጭኜ እሄዳለሁ!»

«ነገ በጠዋት» አለ ሞላልኝ።

ነጋ። ባዘዘው ስንቁን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ሞላልኝ የለም። ረፈደ። ሞላልኝ የለም። ፀሐይ አናቱን በሳችው። ሞላልኝ የለም! ባዘዘው ስንቁን ትከሻው ላይ ወረወረና ወጣ። ብርቄ «ብቻህን? በዚያ መንገድ?» እያለች ተከተለችው። ሰማት? አልሰማትም። የተናደደ ሰው ምን ይሰማል?

እንግዲህ በዚያ ቀጭን መንገድ ላይ የሚሳደበው ሞላልኝን ነው። ገባችሁ?

ሄደ፣ ሄደ። ከኋላው ጠጠር ተንከባለለ። ቆመ። ጠጠሩም ቆመ። «ዝንጀሮ ነው» አለና ሄደ።

ሄደ፣ ሄደ። ከኋላው አንድ ሰው ሳለ። እህ፣ እህ። ዝንጀሮ እንዲህ ይስላል? እናንተ ንገሩኝ።

ሄደ፣ ሄደ። «ባዘዘው! ጠብቀኝ!» አለ ድምፅ። የሞላልኝ ድምፅ ነው። ባዘዘው ግን ከንዴቱ የተነሣ ዞሮ ሊያየው እንኳ አልፈለገም።

«አሁን ነው የምትመጣው?» አለ ፊት ፊቱን እያየ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«እዚያ በር ላይ እንደ ለማኝ ጎለትከኝ!»

«እውነትህን ነው። ይቅር በለኝ።»

«ሚስቴ እንኳ ሳቀችብኝ!»

«ይቅር በለኝ።»

ባዘዘው የልቡን ሁሉ ተናገረ። ያ ድምፅ ሁሉንም ተቀበለው። ንዴቱ በረደለት፣ እግሩም ቀለለው። ትንሽ እንደሄዱ ትዝ አለውና «በቅሎዋስ?» አለ። «ኮቴዋን አልሰማሁም።»

«ይኸው ደረስን» አለ ድምፁ። ከኋላው አይደለም። ከፊቱ!

መንገዱ ስንት ሰው ያሳልፋል አልኳችሁ? አንድ! ታዲያ በየት አለፈው?

ባዘዘው ይህን ሊያስብ ሲል ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊቱ ቆሟል። ወፋፍራም የወይራ ምሰሶ፣ የጥድ ግድግዳ፣ ወለል ብሎ የተከፈተ በር። አዲስ የተፈለጠ ጥድ ይሸታል። ምስኪኑ ባዘዘው ሁሉንም ነገር ረሳ።

«ግባ ወንድሜ» አለ ድምፁ ከበሩ ውስጥ። «እንጨቱን በእጅህ ዳስሰው።»

ባዘዘው እግሩን አነሣ።

«ቁም! አንተ ደንቆሮ!»

ይኼ ደግሞ ከኋላው ነው። የሞላልኝ ድምፅ። «ስጠራህ አትሰማም? ጉሮሮዬ እኮ ተሰነጠቀ!»

ሞላልኝ ከፊት፣ ሞላልኝ ከኋላ።

«አትስማው» አለ የፊቱ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ወንድምህ። ይቅር በለኝ፣ ግባ።»

«የምን ይቅርታ?» ብሎ ጮኸ የኋላው። «ጥለኸኝ የሄድከው አንተ! እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው? አብደሃል?»

እናንተ ብትሆኑ ወደየትኛው ትሄዳላችሁ? ወደ ለስላሳው? አዎ፣ እናንተማ ገደል ነበር የምትገቡት!

ባዘዘው ቆሞ አሰበ። የሞላልኝ በቅሎ ማሳው ገብታ ሽምብራውን የበላችበት ጊዜ ታወሰው። ያኔ ሞላልኝ ምን አለ? «ማሳህን አታጥርም ነበር?» አለ። ሞላልኝ በዕድሜው ለማንም ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። ባዘዘው እግሩን መለሰ።

ሲመልስ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ተፈንቅሎ ወደቀ። ሲያርፍ አልተሰማም። በር የለም፣ ምሰሶ የለም፤ ገደል ነው። ገደሉ ላይ፣ በባዶው አየር ላይ፣ የሞላልኝን ጋቢ የለበሰ ነገር ቆሟል። ፊቱ ገና እንዳልተጠረበ ግንድ ነው። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። አፍ ብቻ። አፉ ይንቀሳቀሳል። «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ባዘዘው እንዴት እንደሮጠ አያውቅም። ራሱን ያገኘው በቅሎዋ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነው። ሞላልኝም አይቶታል። የባዘዘውን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ከቀጭኑ መንገድ አስወጣውና ወደ አንድ የእህል ጠባቂ ጎጆ ጎተተው። እዚያ አደሩ። አልተኙም።

ሲነጋ ሩቅ በሆነው በላይኛው መንገድ ዞረው አብያተ ክርስቲያናቱ ጋ ደረሱ። ግን ምን ዋጋ አለው? አንደኛው ፈርሷል። ሁለተኛው ጣሪያው ተነሥቷል። እንዳለ የቆመው አንዱ ብቻ ነበር። ባዘዘው ምሰሶውን ሲዳስስ ዋለ። እንጨቱ በእንጨቱ ጉሮሮ ውስጥ እንዴት እንደተሰካ አየ። «ባለፈው ዓመት ብንመጣ ኖሮ!» ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ሲቆርሱ ባዘዘው ያን ጊዜ ጠየቀው።

«ለመሆኑ በጠዋት ለምን ቀረህ?»

ሞላልኝ ዳቦውን አስቀመጠ። «ቀርቷል ብለኸኝ ነዋ።»

«እኔ?»

«ገና ሳይነጋ በአጥሬ ጀርባ መጥተህ ጠራኸኝ። ድምፅህ ነው። ‹ጉዞው ቀርቷል፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ› አልከኝ። ተመልሼ ተኛሁ። ኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። አንተ መቼ ነው ይቅር በለኝ ብለህ የምታውቀው? ቤትህ ስሄድ ብርቄ ብቻውን ወጣ አለችኝ።»

ያ ነገር መንገድ ላይ ብቻ አልነበረማ! መንደር ገብቷል። አጥር ስር ቆሟል። ስማቸውን ያውቃል።

እንግዲህ ብቻችሁን አትሂዱ። ተናዳችሁ ደግሞ ጨርሶ አትውጡ፤ የሚከተለው የተናደደውን ነው። አሁን ተነሡ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ። እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ቆይ። ዝም በሉ።

ከአጥሩ ውጭ የሚጠራው ማነው? አንቺ፣ አባትሽ ነው? ድምፁ የእሱ ነው?

ምን አለ? ... ይቅርታ አለ?

መዝጊያውን እንዳትነኪው!